ጾሙ ሆድ ላይ ብቻ እንዳይቀር፦ ስንጾምና ስንጸልይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጾም ሊገባ ሲል የምንጠያየቀው ነገር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ዓሣ ይበላል ወይ? ይሄ ብስኩት ወተት አለበት? በስንት ሰዓት ነው የሚፈታው? ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ሥርዓቱን አውቆ መጾም ተገቢ ነው። ግን "ዘንድሮ ከማን ጋር ልታረቅ?" ወይም "ሳልበላ የዋልኩበትን የምሳ ገንዘብ ለማን ልስጥ?" የሚል ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይነሳሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ዘመዶቼ መካከል ፕሮቴስታንትም ካቶሊክም ስላሉ ግን የሁሉንም ቤት ጾም በቅርብ አያለሁ፣ የምናገረውም ለሁላችንም ነው።

ጾምን የምግብ ዝርዝር ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በተዋሕዶ ሥርዓት ጾም ቢያንስ ሁለት ነገር አለው። አንዱ ከጥሉላት መከልከል ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀመስም። ሌላው ሰዓት ነው። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ የሚቀደሰውና ሕዝቡም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሚሰናበተው እስከዚያ ድረስ እህል ሳይቀምስ እንዲቆይ ነው። ከተማ ላይ ይሄ ሁለተኛው ነገር ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። ጠዋት ፉል፣ ረፋድ ላይ የጾም ኬክ በሻይ፣ ምሳ በያይነቱ፣ ማታ ደግሞ የጾም ፒዛ፤ እንዲህ ተውሎ ሥጋ ስለሌለበት ብቻ "እየጾምኩ ነው" ይባላል። የጾም ኬክ መብላት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ግን 55ቱንም ቀን ከፍስኩ የሚጣፍጥ ነገር ስናሳድድ ከዋልን፣ ሰውነታችን ምን ጎደለበት? ሠራተኛ ነኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልችልም የሚል ሰው እስከ ስድስት ሰዓት ይሞክር። እሱም ካቃተው ቁርሱን ይተው። የሚችለውን ያህል ሰዓት ይያዝ ለማለት ነው።

የምግቡን ነገር አስተካክለን ሌላውን ስንረሳ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው "ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን" ይላል፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት እንዲጾም ይጨምራል። ይሄን በዜማ እየሰማን ነው ያደግነው። ከቅዳሴ ወጥተን ገና የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳንርቅ ሰው ማማት ከጀመርን ግን ምኑን ሰማነው? ኢሳይያስ 58 ላይም ሕዝቡ "ጾምን፣ አንተ ግን አላየኸንም" ብሎ እግዚአብሔርን ሲወቅስ የመጣለት መልስ ምን ይበላል ምን አይበላም ስለሚለው አንዲት ቃል የለውም። በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ነው የተባሉት። ቀጥሎም የተራበውን አብላ፣ የታረዘውን አልብስ፣ የተበደለውን ፍታ ይላል። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ሦስት ወር ይዞ ሰባቱንም አጽዋማት የሚጾም ሰው ይሄን ምዕራፍ ቁጭ ብሎ ያንብበው። በጣም ነው የምለምነው።

አንድ ቀላል ነገር ልጠቁም። በጾም ቀን ሳትበሉት የቀረውን የምግብ ዋጋ ለብቻው አስቀምጡ። ሳምንቱ ሲያልቅ አውጡና ለተቸገረ ስጡ። በድሮ አባቶች ትምህርት ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ተነጣጥለው አይታዩም። ጌታም በማቴዎስ 6 ሦስቱን አከታትሎ ነው ያስተማረው።

የሌላውን አጿጿም መናቅ

በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኦርቶዶክሱ፦ "እነሱ ምን ጾም አላቸው፣ አንድ ቀን ከዋሉ ማታ ሥጋ ይበላሉ።" ፕሮቴስታንቱ፦ "ሽሮና ምስር እየበሉ ምን ጾም ነው?" ሁለቱም መጽሐፍ ቅዱስን በግማሽ ነው የያዙት። ዳንኤል ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። ነቢዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማለፊያ እንጀራ አልበላም፣ ሥጋና የወይን ጠጅ ወደ አፉ አልገባም። ይሄ መርጦ መተው ነው። መጽሐፈ አስቴር ላይ ደግሞ አይሁድ ሦስት ቀንና ሌሊት እህልም ውኃም ሳይቀምሱ ጾሙ። ይሄ ደግሞ ጭራሽ መተው ነው። ሁለቱም ተጽፈዋል።

ልዩነቱ በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት መካከል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግብጾች እምነታቸው ከእኛ ጋር አንድ ሆኖ በነቢያትና በሐዋርያት ጾም ከረቡዕና ዓርብ በቀር ዓሣ ይበላሉ፣ በዐቢይ ጾም ግን አይበሉም። እኛ ጋ አብዛኞቹ መምህራን ዓሣም አይበላም ብለው ያስተምራሉ። ግሪኮች ደግሞ በብዙዎቹ የጾም ቀናት ዘይትና ወይን ሳይቀር ይተዋሉ። እኛ በዘይት የተቁላላ ሽሮ እየበላን ነው የምንጾመው፣ እነሱ ቢፈርዱብንስ? የሮማን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች የግዴታ ጾማቸው በዓመት ሁለት ቀን ነው፣ የአመድ ረቡዕና ስቅለት። ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለ ሰው በነዚህ ቀናት አንድ ሙሉ ማዕድና ሁለት ቀለል ያሉ ይበላል፤ በዐቢይ ጾም ዓርቦችም ሥጋ አይበሉም። ወንጌላውያኑ ጋ ብዙውን ጊዜ ሰውየው ራሱ ወይም ጉባኤው ቀን ቆርጦ ይጾማል፤ አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ የዳንኤልን አብነት ይዞ 21 ቀን። የአዳር ጸሎትም ያክሉበታል።

ውጭ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች ባል ኦርቶዶክስ ሚስት ካቶሊክ ሲሆኑ ፋሲካ ራሱ ይለያይባቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን በሁሉም ዘንድ አንድ ላይ ውሎ ነበር፤ በብዙ ዓመታት ግን አንዱ ሲፈታ ሌላው ገና ሕማማት ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሮሜ 14 ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል፦ "የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ።" እምነትህን ትተህ ሁሉም አንድ ነው በል ማለቴ አይደለም። የራስህን ሥርዓት አጥብቀህ ያዝ፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ረሃብ ግን አትናቅበት።

መጾማችንን ማወጅ

ይሄን አጭር ላድርገው። ቤተ ክርስቲያን በአንድነት ያወጀችውን ጾም መጾማችሁ ቢታወቅ ግብዝነት አይደለም፣ ምሳ ሲጋብዟችሁ "ጾም ላይ ነኝ" ማለትም እንደዚያው። ችግሩ ያለው በፈቃድ የያዛችሁትን ጾም፣ የሰገዳችሁትን ስግደት፣ ያደራችሁበትን ጸሎት እየቆጠራችሁ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ስታወጡት ነው። ጌታ ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ ነው ያለው። የጽጌን ጾም የያዘ ሰው ስለ ጾመ መመስገን የለበትም፣ የፈቃድ ስለሆነ ያልጾመውም መወቀስ የለበትም።

ሕመምን ደብቆ መጾም

እዚህ ላይ ልቤ በጣም ይነካል፤ ብዙ እናቶች በዚህ ይጎዳሉ። ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዳቸውን ይቆያሉ። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው "በልቻለሁ" ይላሉ። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት የደም ስኳርን በድንገት አውርዶ ራስን ሊያስት፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን "ጾሙ እስኪፈታ" ብለው የሚያቆሙም አሉ። ይሄ ጽድቅ አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ላረገዘችና ለምታጠባ ሴት መላ አላት። ንስሐ አባትን አማክሮ ሰዓቱን ማሳጠር ወይም እንደ ሕመሙ ጾሙን መተው ይቻላል፤ በምትኩ ጸሎት፣ ስግደት ለሚችል ስግደት፣ ምጽዋት ይታዘዛል። ስለዚህ ሁለት ሰው ጋ ሂዱ፣ ሐኪም ጋና ንስሐ አባት ጋ። ለሐኪሙ "ጾመኛ ነኝ፣ መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?" በሉት። ብዙ መድኃኒት ሰዓቱ ሊስተካከል ይችላል፣ ሊስተካከል የማይችለውን ደግሞ እሱ ይነግራችኋል። ለልጆችም እንዲሁ ነው። ፍልሰታ ሲመጣ ሕፃናቱ ራሳቸው "እንጹም" ይላሉ፣ ደስ ይላል፣ ግን ፊቱ የገረጣን ልጅ "አይዞህ ቻል" ማለት አያስፈልግም።

ውኃም ሳይቀምሱ ለቀናት የሚጾሙ ወንጌላውያን ወንድሞችና እህቶችም ይሄ ይመለከታቸዋል። ያለ ውኃ መቆየት ምግብ ከመተው እጅግ የከፋ ነው፣ በተለይ በሙቀት አገር። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ እያጸዳችሁ ደረቅ ጾም አትጨምሩበት። ከጥሉላት መከልከሉ ከበቂ በላይ ነው። እሱንም አሠሪው የሚያቀርብላችሁ ሩዝ በሥጋ መረቅ ብቻ ሆኖ ከተቸገራችሁ በስልክም ቢሆን ካህን ጠይቁ። ብቻችሁን በጸጸት አትቃጠሉ።

ጸሎትን በርዝመትና በድምፅ መመዘን

ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉን፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ዳዊት "በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ" ብሎ የለ? ታዲያ ብዙ ወጣቶች ጾም ሲገባ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሊያደርሱ ይነሳሉ። ሙሉ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ ገድል፣ ድርሳን። በሦስተኛው ቀን ይደክማሉ። በአራተኛው አንድም አይጸልዩም፤ ከዚያ አልቻልኩም ብለው ጭራሽ ይተዋሉ። ከመጀመሪያዎቹ የክርስትና ዘመናት የቆየው ዲዳኬ የሚባለው ጽሑፍ ረቡዕና ዓርብን ጹሙ ካለ በኋላ አባታችን ሆይን በቀን ሦስት ጊዜ ጸልዩ ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት በልብ ከተባለ ትልቅ ነገር ነው። እሱ ሲጸና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሩ። ግዕዙ የማይገባችሁ ከሆነ በአማርኛ አንብቡት። እግዚአብሔር አማርኛ ይሰማል።

ወንጌላውያኑ ጋ ስህተቱ በሌላ በኩል ነው። ጮኾ ያልጸለየ፣ ያላለቀሰ ሰው መንፈስ እንደሌለው ይታያል። ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት፣ እግዚአብሔር ግን ሰምቷት ነበር። እዚያው ዝም ብሎ የሚጸልየው ወንድም ደግሞ በታላቅ ድምፅ የሚያለቅሰውን አስመሳይ አይበለው።

ጾምን መደራደሪያ ማድረግ

"ቪዛው እስኪመጣ እጾማለሁ።" "ዲቪ ከወጣልኝ..." ጭንቀትን ይዞ መጾም ትክክል ነው፣ ነነዌም በጭንቀት ነው የጾመችው። ግን የነነዌ ንጉሥ ያለውን ልብ በሉ፦ እንዳንጠፋ እግዚአብሔር ይመለስ እንደ ሆነ "ማን ያውቃል?" ነው ያለው። ይገባኛል አላለም። እግዚአብሔርም ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን አየ ይላል መጽሐፉ። ማቅ ከመልበሳቸው ይልቅ ያን ነው የጠቀሰው። ጥያቄያችሁን አቅርቡ፣ ደጋግማችሁ አልቅሱ፤ መልሱ ሲዘገይ ግን "ጾሜ ከንቱ ቀረ" አትበሉ። "ይሄን ያህል ቀን ከጾምክና ይሄን ያህል ብር ከሰጠህ ይከፈትልሃል" ብሎ ዋጋ ለሚተምን ሰው ደግሞ፣ ከየትኛውም ቤት ይምጣ፣ ጆሮ አትስጡት።

አፈታቱን አለማወቅ

በዓለ ሃምሳ ላይ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ "ትርፍ ጽድቅ ነው" ብለው። አይደለም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት አይጾምም፣ አይሰገድም። ደስ ሊለን የተሰጠን ጊዜ ነው። ገናና ጥምቀትም ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላል።

ሆዱንም አስቡለት። በተለይ አክፍሎት ይዞ፣ ማለትም ምንም ሳይቀምስ፣ ከስቅለት ጀምሮ የቆየ ሰው የትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ እንደተመለሰ ዶሮ ወጡንና ጥሬ ሥጋውን በላይ በላዩ ካደረገው ፋሲካን በጨጓራ ሕመም ነው የሚውለው። እናቶቻችን መጀመሪያ ተልባ የሚያቀርቡት በምክንያት ነው። ተልባውን ጠጡ፣ ትንሽ እንጀራ በወጥ ቅመሱ፣ ተኙ። ጠዋት ስትነሡ ዶሮው እዚያው አለ፤ ደጃፍ ላይ የሚለምነውንም ጠርታችሁ አብራችሁ ብሉ።