ያገለገለ ፒት ባይክ ሞተሩ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ያገለገለ ፒት ባይክ፣ ማለትም ትንሿ የአፈር መንገድ ሞተር ሳይክል፣ በርካሽ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ባለቤቱን ስላማረረው ነው። አዲሱ ገዢ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አዲስ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ይገዛል። ጥፋቱ ካርቡራተሩ ላይ ካልነበረ ገንዘቡ ይባክናል፤ ከዚህም የከፋው፣ ከሞተሩ ጋር ገና ያልተስተካከለ ካርቡራተር ስለገባ በነበረው ችግር ላይ ሌላ ይደረባል። ስለዚህ ምንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩ መቼ እንደሚያስቸግር ይለዩ። ቀዝቅዞ ሳለ ነው ወይስ ሞቆ? በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት ቀስ ብሎ ሲዞር) ነው ወይስ ቤንዚን ሲሰጡት? ይህን በትክክል የመለሰ ሰው ከሥራው ግማሹን ጨርሷል።

እዚህ የምጽፈው ሲሊንደሩ ወደ ፊት ስለተጋደመው፣ በአየር ስለሚቀዘቅዘው ባለአራት ምት ትንሽ ሞተር ነው። አቀማመጡ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ካወጣው ሱፐር ካብ የተወረሰ ሲሆን፣ ሊፋንና ዞንግሼንን የመሳሰሉ አምራቾችም ይህንኑ ይከተላሉ። መመሪያ መጽሐፉ ባይገኝ እንኳ አፈታቱና አስተካከሉ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

ጨርሶ አይነሳም

በመጀመሪያ ብልጭታውን ይመልከቱ። ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትተው ቆቡ ላይ ይሰኩት፤ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኙትና መነሻ ፔዳሉን ይምቱ። ሙከራውን የካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ ወይም ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ አያድርጉ፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ ወደ ነዳጁ ይሂዱ። ብልጭታ ከሌለ ከመሪው ማጥፊያ የሚመጣውን ሶኬት ይንቀሉና እንደገና ይሞክሩ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ማጥፊያው የሚሠራው መስመሩን ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ስለሆነ፣ ሲነቀል ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ ማጥፊያው ወይም የተላጠ ሽቦ ነው። ካልተመለሰ አዲስ ካንዴላ ይሞክሩ፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። ቀጥሎ የካንዴላውን ቆብ፣ ቦቢናውን (ለብልጭታው ኃይሉን ከፍ የሚያደርገውን ጥቅል)፣ በመጨረሻም ሲዲአዩን (ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክ ሳጥን) እና በቮላኖው (በዘንጉ ጫፍ ላይ በሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ሥር ያሉትን ጥቅሎች ይፈትሹ። ሲዲአይ በመለኪያ ለመፈተሽ ስለሚያስቸግር፣ የሚሠራ ሌላ ተውሶ መሞከር ይሻላል።

ብልጭታ እያለ ሞተሩ ካልተነሳና ፔዳሉ እግርዎን ወደ ላይ የሚገፋው ወይም በካርቡራተሩ በኩል የሚተኩስ ከሆነ፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ትንሽ ቁልፍ ብረት ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ብልጭታው ያለ ሰዓቱ ይመጣል። ቮላኖው በመዶሻ አይመታም፤ የራሱ መንቀያ አለው።

ነዳጁን ለመፈተሽ ከካርቡራተሩ ጽዋ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ይክፈቱ። ቤንዚኑ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ የጋኑ መክፈቻና በውስጡ ያለው ወንፊት ቆሽሸዋል። የፈሰሰው ቤንዚን ከጠቆረና እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ ወራት ቆሟል ማለት ነው፤ ጋኑን ሙሉ በሙሉ ያራግፉ።

ቀዝቅዞ ይነሳል፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ እምቢ ይላል

ይህ ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻ ምልክት ነው፤ ብዙ ካርቡራተር ያለ ጥፋቱ የተጣለው በዚህ ምክንያት ነውና። ጠዋት በአንድ ምት የተነሳ ሞተር ከተነዳ በኋላ ሲጠፋ ፔዳሉ ይላላል፣ ሞተሩም እስኪቀዘቅዝ ድረስ አይነሳም። መንስኤው ብዙውን ጊዜ የቫልቭ (ጋዝ የሚያስገባና የሚያስወጣ በር) ክፍተት መጥበብ ነው።

ሞተሩ በሠራ ቁጥር ቫልቩ የሚያርፍበት መቀመጫ ይበላል፤ ቫልቩም ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሩ ራስ) ጠልቆ ይገባል። ቫልቩ በገባ መጠን ከሚገፋው ክንድ ጋር ያለው ክፍተት ይጠብባል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ለጥቂት የሚዘጋው ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ ጨርሶ አይዘጋም። የታመቀው ጋዝ በዚያው ያመልጣል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ድምፅ ስለማያሰማ ብዙ ሰው ሞተሩ ደህና ይመስለዋል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ክፍተቱ የሰፋው ነው።

ማስተካከያው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ሌሊቱን ያደረ ቢሆን ይመረጣል። ካንዴላውን፣ ሁለቱን የቫልቭ ክዳኖችና በግራ በኩል ያለውን የቮላኖ ክዳን ይፍቱ። ቮላኖውን ከሰዓት ቆጣሪ አዞር በተቃራኒ በቀስታ ያዙሩት። ጠርዙ ላይ ሁለት ምልክቶች ይታያሉ፤ አንዱ የላቲኑ ቲ፣ ሌላው ኤፍ ነው። ኤፍ ብልጭታ የሚመጣበት ነጥብ ስለሆነ አይጠቅምዎትም፤ ከሞተሩ አካል ምልክት ጋር መግጠም ያለበት የቲው መስመር ነው። አሁን ሁለቱንም ክንዶች በጣትዎ ነካ ነካ ያድርጉ። ሁለቱም ትንሽ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ፒስተኑ በእመቃ ምት ላይ ነው። ቫልቮቹ ተጭነው ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምረው ቲውን እንደገና ያስገጥሙ። ሁለቱም ክንዶች እንቅ ብለው ሳለ ቫልቮቹ ግን ካልተጫኑ፣ ክፍተቱ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ነው።

ፊለር ጌጅ በሚባለው ስስ የክፍተት መለኪያ 0.05 ሚሊሜትሩን በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያስገቡ። ለአነስተኞቹ ሞተሮች ማስገቢያውም ማስወጫውም በዚህ ልክ ይስተካከላል፤ የሞተርዎ አምራች ሌላ ልክ ከጻፈ ግን የእሱን ይከተሉ። መለኪያው በስሱ እየተጎተተ ማለፍ አለበት። ልኩ ካልመጣ በክንዱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ዳዶ አላልተው መሐል ያለውን ብሎን ያዙሩ፤ ዳዶውን መልሰው ሲያጠብቁ ብሎኑ አብሮ ይዞራልና ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይለኩ። ይህን ሁለተኛ ልኬት አይዝለሉት፤ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

ክፍተቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሞተሩ በሙቀት እምቢ ካለ፣ እንደሞቀ ብልጭታውን ይፈትሹ። በቅዝቃዜ የሚሠራ ቦቢና ወይም ጥቅል ሲሞቅ መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል።

በቾክ ብቻ ይሠራል

ቾኩ (ለቅዝቃዜ ማስነሻ ድብልቁን የሚያወፍረው) ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ነዳጅ አንሶታል። በካርቡራተሩ ጽዋ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የናስ ብሎኖች አሉ፤ ትልቋ ለሙሉ ቤንዚን፣ ትንሿ ለሚኒሞ ናት። ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ትንሿ ናት። ፈትተው ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቷት፤ ክብና ንጹሕ የብርሃን ነጥብ መታየት አለበት። ግማሽ ጨረቃ ወይም ብዥታ ከታየ ውስጧ በደረቀ ቤንዚን ተሸፍኗል። በካርቡራተር ማጽጃ ነክረው፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ስስ የመዳብ ክር ይጥረጓትና በአየር ግፊት ይንፏት። መርፌ ወይም የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያን ጊዜ ዕቃውን ከመቀየር ሌላ ምርጫ የለም። የካርቡራተሩን የውስጥ መተላለፊያዎችም ይንፉ።

ሲመልሱ የጎኑን ማስተካከያ ብሎን በቀስታ እስከ መጨረሻው ካስገቡ በኋላ አንድ ዙር ተኩል ያላሉት፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው ከሁሉ የሚረጋበትን ነጥብ ይፈልጉ። ብሎኑ ያለው በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየርን ስለሆነ፣ ማላላት ድብልቁን ያሳሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ሚኒሞው ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ሲለቀቅም ቶሎ አይወርድም

የቤንዚን መስጫው ገመድ አለመያዙንና በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሸራታች ሙሉ በሙሉ መውረዱን ካረጋገጡ በኋላ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ በካርቡራተሩና በቴስታታው መካከል የሚገባ ያልተፈቀደ አየር ነው። ሞተሩ እየሠራ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ። ተቀጣጣይ ማጽጃ በሞቀ ሞተር ላይ መርጨት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም።

በመጋጠሚያው ያለውን ጎማና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይቀይሩ። የካርቡራተሩ ፊት ብሎኖቹ ከልክ በላይ ስለሚጠብቁ በብዛት ይጎብጣል። መስታወት ላይ ባነጠፉት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያሹ ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉት፤ ሲመልሱም ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቁ በልክ ያጥብቁ።

ቤንዚን ሲሰጡት ይታፈናል፣ ወይም ጥቂት ሄዶ ይጠፋል

በጥሩ ሁኔታ ሄዶ በድንገት ከጠፋ፣ ቆይቶም ከተነሳ፣ የጋኑን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩ። በክዳኑ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ከተደፈነ ቤንዚኑ አይወርድም።

የሚታፈነው በተወሰነ የቤንዚን መጠን ላይ ከሆነ ካንዴላውን ያንብቡ። ጥላሸት የለበሰ ጥቁር ካንዴላ ነዳጅ መብዛቱን፣ የነጣ ደግሞ ማነሱን ያሳያል። ነዳጅ ካነሰ በተንሸራታቹ ውስጥ ያለውን የመርፌ መያዣ ቀለበት አንድ እርከን ወደ ታች ያውርዱት፤ መርፌው ከፍ ስለሚል ነዳጁ ይጨምራል። ነዳጅ ከበዛ በተቃራኒው። አየር ማጣሪያ ሳይኖረው የመጣ ሞተር ግን በመጀመሪያ ማጣሪያውን ያግኝ፤ አቧራ የሚጠጣ ሲሊንደር ዕድሜ የለውም።

ይጨሳል

ጥቁር ጭስ የነዳጅ ነው። ሰማያዊው የዘይት ነው፤ እሱንም ጊዜው ይለየዋል። ሞተሩ ሲነሳ ጨሶ የሚጠራ ከሆነ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል። በጉልበት ሲነዳ ሁሉ የሚጨስ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) አልቀዋል። ከመፍታትዎ በፊት ዘይቱ ከልክ በላይ አለመሞላቱን ይፈትሹ፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መለኪያው ሳይጠመዘዝ ገብቶ ነው የሚታየው።

ለማረጋገጥ የእመቃ መለኪያ ይግጠሙ፤ የቤንዚን መስጫውን ሙሉ ከፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይምቱ። ንባቡ ከ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በታች ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረው ይድገሙት። በዘይቱ ምክንያት በግልጽ ከጨመረ ችግሩ ፋሻ ነው፣ ካልጨመረ ቫልቭ። እመቃን ለማስነሻ የሚቀንስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ያላቸው ሞተሮች ጤነኛ ሆነውም ዝቅ ያለ ንባብ ይሰጣሉ። አዲስ ፋሻ ሲገባ ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ክፍተቶቹም አንዱ ከሌላው ርቀው ይቀመጡ።

ዘይት ሲሞሉ ጄኤሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ያለውን ይምረጡ። ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሽከረከር፣ ሰበቃ ቀናሽ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

ከውስጥ ይንኳኳል

በግራ በኩል የሚሰማ ቅጭልጭልታ የካምሻፍቱ ሰንሰለት ወይም የመወጠሪያው መላላት ነው፤ ይጠገናል። ከታች የሚመጣ፣ በጉልበት ጊዜ የሚብስ ድፍን ድምፅ ከሆነ ግን ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ያፍስሱና ብረት ይፈልጉ፤ ሲሊንደሩን አውጥተው ቢየላውን (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሞክሩት። ጎን ለጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወት ከሆነ ግን የቢየላው ኩሽኔታ አልቋል፤ ሥራው ሞተሩን ለሁለት መክፈት ይጠይቃል። እንዲህ ላለው ፒት ባይክ ሌላ ሙሉ ሞተር መግጠም ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ከመግዛትዎ በፊት የመያዣ ብሎኖቹን ርቀት፣ የሲዲአዩን የሶኬት እግሮች ብዛትና የሰንሰለቱን መስመር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።