ከእነ ልጆች ኮንዶሚኒየም ሊከራዩ ሲሉ፦ ከውሃው ይጀምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ረከስ ያለ ኮንዶሚኒየም ተገኘ ከተባለ ብዙ ጊዜ አራተኛ ፎቅ ነው። የጂ+4 ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ እላይ ለመድረስ 70 ያህል ደረጃ ይወጣል፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑም በዚያው ነው የሚወጣው።

ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። ምድር ቤት እየተንፎለፎለ አራተኛ ላይ ቧንቧው አየር የሚተነፍሰው ለዚህ ነው። ውሃው በየስንት ቀኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤት ይጠይቁ። በፈረቃው ቀን ሄደው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይደቅኑ፦ በ2 ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሌሊት ተነስቶ መቅዳት አይቀርም። ለአምስት ሰው፣ በቀን በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ቢታሰብ፣ ለሦስት ቀን 15 ጀሪካን ያስፈልጋል። 500 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ግማሽ ቶን ስለሆነ በረንዳ ጫፍ ላይ አያስቀምጡት። ወደ ውስጥ፣ ዓምድ ሥር ይሁን፤ በሁለት በርሜል ቢከፈል ደግሞ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ተራ ሶኬት የሚችለው እዚሁ ድረስ ነው። በዚያው መስመር ላይ ምድጃ ከተጨመረ ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር ግን እሳት መጥራት ነው፤ ሽቦው ያው ቀጭኑ ነውና። ለምጣድ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው ይሳብ። ሶኬቱ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካዩ የቀድሞው ተከራይ ሲጋግርበት ኖሯል ማለት ነው።

አንድ ባልዲ ውሃ ሽንት ቤቱ ውስጥ በአንዴ ይድፉ። የሻወሩ ወለል ማፍሰሻ ከተንቦጫረቀ የጋራው መስመር ተደፍኗል ወይም አየር ማስወጫው ተዘግቷል፤ ምድር ቤት ከሆኑ የላይኞቹ ፍሳሽ ወደ እርስዎ ይመለሳል። መጨረሻው ፎቅ ላይ ደግሞ ኮርኒሱን ይመልከቱ፤ ቢጫ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል፣ ትኩስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ። ለቤተሰብ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ይመረጣሉ፤ ኪራያቸው ጨመር ቢልም ጀሪካን ተሸካሚ ከመቅጠር ይረክሳል።

ትንሽ ልጅ ካለ የበረንዳውን መከለያ በሜትር ይለኩ፦ ቁመቱ ከ1 ሜትር አይነስ፣ የብረቶቹ ክፍተትም ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ክፍተቱ ከሰፋ ጭንቅላት ያስገባል።

የጋራ መገልገያው፣ በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት ቤት፣ ለሱቅ ተከራይቶ እንደሆነም ይዩ፤ ከተከራየ በበዓል ዋዜማ በጉ ደረጃው ላይ ነው የሚታረደው።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። በአዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የስድስት ወር አምጣ የሚልዎ አከራይ ከሕጉ ውጭ ነው።