ለሶላር ምርምር ከአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሶላር ላይ እየሰራችሁ በጀት ካጠራችሁ ሆራይዘን ዩሮፕን ሞክሩ። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 የሚቆይ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ነው፤ ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ተይዞለታል። ኢትዮጵያም በአብዛኞቹ ጥሪዎች (ፕሮፖዛል አስገቡ የሚሉ ማስታወቂያዎች) ገንዘብ መቀበል ከሚችሉት አገሮች አንዷ ናት።

መጀመሪያ ጥሪውን ፈልጉ። የሶላር ጉዳይ በብዛት ያለው ክላስተር 5 በሚባለው የፕሮግራሙ የአየር ንብረት፣ የኢነርጂና የትራንስፖርት ዘርፍ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ጥሪዎች ከአፍሪካ ተቋማት ጋር መስራትን በግልጽ ይጠይቃሉ፣ ከእነዚህ ጀምሩ።

ከዚያ የተቋማችሁን ባለ 9 አሃዝ የተሳታፊ መለያ ቁጥር ከምርምር ቢሮው ጠይቁ። ምናልባት ቀድሞ ተመዝግቦ ይሆናል፤ ድጋሚ መመዝገብ ነገር ያወሳስባል።

ዋናው ሥራ አጋር ማግኘት ነው። በመደበኛው ሕግ ቢያንስ ከ3 የተለያዩ አገሮች የመጡ 3 ተቋማት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከኅብረቱ አባል አገር፣ ሌሎቹ ከአባል ወይም ከፕሮግራሙ ተባባሪ አገሮች (አባል ሳይሆኑ በስምምነት ፕሮግራሙን ከተቀላቀሉ) መሆን አለባቸው። እኛ ከሦስቱ አንቆጠርም፣ በተጨማሪነት ነው የምንገባው። ስለዚህ አውሮፓ ያሉ የቀድሞ አማካሪዎቻችሁን አናግሩ፣ በኅብረቱ የጥሪ ፖርታል ላይ ባለው የአጋር መፈለጊያም ተጠቀሙ። ስትጽፉላቸው "ልምድ አለን" ብቻ አትበሉ። አቧራ ፓነላችሁ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደሚቀንስ ለክታችሁ ከሆነ፣ የገጠር መስኖ ፓምፕ መረጃ ካላችሁ፣ ባትሪ በቆላ ሙቀት እንዴት እንደሚሆን ካያችሁ እሱን በአንድ ገጽ አሳዩ። እነሱ ላቦራቶሪ ውስጥ የማያገኙት ይሄ ነው።

በጀት ላይ አትፈሩ። ለስም ብቻ መግባት ለአገርም ለእናንተም አይጠቅምም፤ ከፕሮጀክቱ ሥራ ተከፍሎ የሚሰጣችሁ የራሳችሁ ድርሻ (የሥራ ክፍል)፣ የራሳችሁ የተመራማሪ ደመወዝና የራሳችሁ መሣሪያ ይኑራችሁ፣ ይህንንም ፕሮፖዛሉ ተጽፎ ሳያልቅ ተነጋገሩ። በምርምርና ፈጠራ ፕሮጀክቶች ቀጥተኛ ወጪው እስከ 100% ይሸፈናል፣ ለተዘዋዋሪ ወጪ (እንደ ቢሮና መብራት ላሉት) ደግሞ የቀጥተኛው ወጪ 25% ይጨመራል። ጥሪው "ላምፕ ሰም" (አስቀድሞ የተወሰነ ጥቅል ክፍያ) ከሆነ ግን ክፍያው የሚታሰበው በተጠናቀቀ የሥራ ክፍል ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊቆይ ስለሚችል የጊዜ ሰሌዳውን ላላ አድርጉት።

ገምጋሚዎች ሦስት ነገር ያያሉ፦ የሳይንሱን ጥራት፣ የሚያመጣውን ለውጥና የአፈጻጸሙን ዕቅድ። እያንዳንዱ ከ5 ይታረማል። ማለፊያው በየአንዳንዱ 3፣ በድምሩ 10 ነው፤ ግን 10 ይዞ ማሸነፍ ይከብዳል። "ለውጥ" የሚለው ላይ ደከም አትበሉ፤ ማን እንደሚጠቀም፣ የት ወረዳ፣ በምን ዋጋ፣ ብላችሁ ጻፉ።

መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ በብራስልስ 17:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው ማታ 12 ሰዓት፣ በክረምታቸው 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ፕሮፖዛሉን የሚያስገባው አስተባባሪው፣ ማለትም የአጋሮቹን ቡድን የሚመራው ተቋም ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እያሻሻሉ መተካት ስለሚቻል የመጀመሪያውን ቅጂ ቀናት ቀደም ብሎ እንዲያስገባ ወትውቱት።

ውጤቱ በ5 ወር ውስጥ ይነገራል፣ ውሉ ደግሞ መዝጊያው ባለፈ በ8 ወር ገደማ ይፈረማል። ባይሳካም የገምጋሚዎቹ አስተያየት በጽሑፍ ይላካል። ከአስተባባሪው ተቀበሉትና ቀጣዩ ጥሪ ሲወጣ ፕሮፖዛሉን በእሱ አስተካክሉ።