ለስኑከር ዱላ አዲስ ቲፕ እንዴት ይለጠፋል፣ እንዴትስ ይሞከራል?

ቲፕ ማለት የዱላው ጫፍ ላይ የሚለጠፈው፣ ኳሷን የሚመታው ትንሽ ቆዳ ነው። በገዛ እጄ የለጠፍኩት የመጀመሪያው ጨዋታ መሃል ላይ በረረ። ጥቁሯን ላስገባ ጎንበስ ብዬ መታሁ። ነጯ ኳስ ወደ አንድ ጎን፣ ቆዳው ወደ ሌላ ጎን። ተጋጣሚዬ ከጠረጴዛው ስር አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና «ያንተ ናት መሰለኝ» አለኝ። ጥፋቱ የሙጫው መስሎኝ ሌላ ሙጫ ገዛሁ። ሁለተኛውም በረረ። ችግሩ ከሙጫው በፊት ባለው ሥራ ላይ እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ነው።

ቲፕ የሚቀየረው ቁመቱ አልቆ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ጠርዙ ሲሰነጠቅ፣ ወይም ቾክ (ኳሷን እንዳይስታት የሚቀባውን ጠመኔ) እስከማይዝ ድረስ ደርቆ ሲያብረቀርቅ ነው። ካብረቀረቀ ብቻ ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት አናቱን ትንሽ ሻከር አድርጋችሁ ሞክሩት። ነገ ውድድር ካለባችሁ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። የለመዳችሁት መጥፎ ቲፕ ከማታውቁት ጥሩ ቲፕ ይሻላል።

ለመግዛት ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ቆዳ ታገኛላችሁ። አንዱ ተጠቅጥቆ የተሠራ ወጥ ቆዳ ነው፤ ኤልክ ማስተርና ብሉ ዳይመንድ ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው እንደ ካሙይ ያለው፣ ስስ ስስ ቆዳዎች ተደራርበው የተጣበቁበት ነው። ተደራራቢው ቅርፁን ቶሎ አይለቅም፤ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ለጀማሪ ወጥ ቆዳውን እመክራለሁ። ቢበላሽባችሁም ብዙ አያንገበግብም። ችግሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉት እንኳ እኩል አለመሆናቸው ነው። አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ስፖንጅ። ስለዚህ አንድ በአንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ከስንዝር ከፍታ ጣሏቸውና አዳምጡ። «ቀጭ» የሚለው ጠጠር ያለ ነው። «ድፍ» የሚለው ልል ነው፤ እኔ እሱን ለመለማመጃ አስቀምጠዋለሁ። ስፋቱን በተመለከተ፣ በዱላው ጫፍ ካለው የናስ ቀለበት ጥቂት የሚበልጠውን ውሰዱ። የዱላችሁ ጫፍ 9.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 10 ይበቃል። ትርፉ በኋላ ይቆረጣል፤ የጎደለውን ግን የሚሞላ የለም።

አሮጌውን ቲፕ በስለታም ምላጭ ከሥሩ አንሱት። ስለቱ ወደ እጃችሁ ሳይሆን ወደ ውጭ ይሁን። የተረፈውን ቆዳና ሙጫ ቀስ እያላችሁ ፋቁ።

አሁን ቲፕ የሚያስበርረው ቦታ ላይ ደረስን። የዱላው ጫፍ የናስ ቀለበትና በመሃሉ ያለው እንጨት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ዱላውን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኝ እጄ ሞረድ እየመላለስኩ አስተካከልኩ። ለዓይን ጠፍጣፋ ይመስላል። ግን እጅ ሞረድ ሲገፋ ሳያውቀው ይወዛወዛል። በዚህም ምክንያት ጠርዙ ይበላል፣ መሃሉ ጉብ ይላል። ቆዳው ያረፈው ጉብታው ላይ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ደግሞ ሙጫ ሞላው። ሱፐር ግሉ በስሱ ሲቀባ በአየሩ እርጥበት ቶሎ ይጠነክራል፤ ተከምሮ ሲቀመጥ ግን ውስጡ ለረጅም ጊዜ ልል ሆኖ ይቆያል፣ ከደረቀም በኋላ በምት ይሰነጠቃል። የኔ ቲፕ የተያዘው እንግዲህ በዚያ ነበር።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ወይም ሌላ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጉ። የሚንቀሳቀሰው ዱላው እንጂ ወረቀቱ አይሁን። ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ከታች ጫፉ አጠገብ ያዙት፣ አጫጭር ክብ እየሠራችሁ ቀስ ብላችሁ ፈትጉ። ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ ዱላውን ሩብ ያህል አዙሩት። እጃችሁ ወደ አንድ ጎን የሚጫን ከሆነ ስህተቱ በዚህ ይከፋፈላል። አታብዙ። ናሱ በተፈተገ ቁጥር ያጥራል፣ ያለቀ ናስ ደግሞ አያድግም። ከቲፑ ሥርም ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲሁ ፈትጉ፤ ፋብሪካው ያስተካከለው ቢመስልም።

ከዚያ ሙጫ ሳታደርጉ ቲፑን በቦታው አስቀምጡና ወደ መስኮት አዙራችሁ ከጎን እዩ። በቆዳውና በናሱ መካከል የፀጉር ያህል ብርሃን ከታየ ገና ነው። ዱላውን እያዞራችሁ ዙሪያውን ሁሉ ተመልከቱ። ብርሃኑ በየትም በኩል ሲጠፋ ዝግጁ ናችሁ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከዚህ በኋላ በጣት መንካት የለም። የጣት ቅባት ሙጫ አያስይዝም።

ወፈር ያለውን፣ የማይፈሰውን ሱፐር ግሉ ተጠቀሙ። አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ቲፑን መሃል ላይ አስቀምጡ፣ ዱላውን ገልብጣችሁ ጠንካራ ነገር ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑት። ሙጫ ቤቶች በሰከንዶች ይደርቃል ይላሉ። እኔ ማታ ለጥፌ ጠዋት ነው የምነካው።

ጠዋት ናሱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉ። ዱላውን ገልብጣችሁ ቲፑን መክተፊያ ላይ ተጫኑ። ምላጩን ከናሱ ጋር አስተካክላችሁ ትርፉን ወደ ታች በትንሽ በትንሹ ላጩ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ልቁረጥ ያለ ሰው ቆዳውን ይገነጥለዋል። ከዚያ ጎኑን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ ጎኑን በምራቅ ወይም በውሃ ርጥብ አድርጋችሁ በደረቅ ወረቀት እስኪሞቅና እስኪያብረቀርቅ እሹት። የታሸ ጎን ይደነድናል፣ ቆዳው እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን አይዘረጋም። አናቱን ደግሞ ከጠርዝ ወደ መሃል እየፈተጋችሁ፣ ዱላውን እያዞራችሁ እንደ ጉልላት አክቡት። የቅርፅ ማውጫ የሚባሉ መሣሪያዎች አሉ፤ በአንድ ሽክርክሪት ግማሽ ቆዳ ሲበሉ ስላየሁ አልወዳቸውም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ከቆዳ በፊት የዱላ ጫፍ ባዶ እንጨት ነበር፤ ኳስን ከመሃሏ ውጭ መምታት ማለት ማንሸራተት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቆዳ መለጠፍን አመጣ የሚባለው ፈረንሳዊው ካፒቴን ሚንጎ ነው። እኛ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው፦ ከመሃል ውጭ ሲመታ ኳሷን ይይዛታል ወይስ ይስታታል?

ሙከራውን ግን በቀጥታ ምት ጀምሩ። የቡናማዋ፣ የሰማያዊዋ፣ የሮዟና የጥቁሯ ኳስ መቀመጫ ነጥቦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። ጠረጴዛውን ባዶ አድርጉ፣ ነጯን በቡናማዋ ነጥብ ላይ አስቀምጡ፣ በሌሎቹ ነጥቦች ላይ አሳልፋችሁ ምቱ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክታ በዚያው መስመር ተመልሳ ቲፑን ብትነካ እሰየው። ወደ ጎን ካመለጠች ወይ እናንተ ናችሁ ወይ ቲፑ። ለመለየት ዱላውን እጃችሁ ውስጥ ግማሽ ዙር አዙሩና አሥር ጊዜ ድገሙ። የማምለጫው ጎን ከተገለበጠ የቲፑ ጉልላት ዘንበል ብሏል፤ አናቱን እንደገና አክቡ። ካልተገለበጠ ቲፑን ተዉት፣ አመታታችሁን እዩ።

ቀጥሎ ሌላ ኳስ ከነጯ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ነጯን ከመሃሏ ዝቅ አድርጋችሁ ወደዚያች ኳስ ምቱ፣ ነክታት ወደ ኋላ ትመለስ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ባትመለስ አትደንግጡ። ወጥ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠቀጠቃል፣ ይለዋወጣል። እኔ አንድ ጊዜ ደህና ቲፕ ከግማሽ ሰዓት ጨዋታ በኋላ «አይረባም» ብዬ ቆርጬ ጥያለሁ። ጆሯችሁን ግን አትናቁት። «ቅርር» የሚል የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰማችሁ ሙጫው ለቋል፤ አንሱና ድገሙት። ቾኩን በየምቱ በስሱ ቀቡ፣ እንደ መሰርሰሪያ አታሽከርክሩት።

ከሁለት ሦስት ቀን ጨዋታ በኋላ ጎኑን በጥፍራችሁ ከናሱ ወደ ቆዳው ዳስሱ። ጥፍራችሁ ከያዘው ተዘርግቷል ማለት ነው፤ እንደገና ላጩና እሹት። እግረ መንገዳችሁን ከሳጥኑ «ቀጭ» ካሉት ሌላ አንዱን፣ ከምላጭና ከሙጫ ጋር፣ የዱላው ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።