የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚጫንበት የእጅ ጋሪ፦ ችግሮቹ፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ከባሕር ዳር በዘጌ በኩል እስከ ቁንዝላ ባለው የጣና ዳርቻ የሚያጠምድ ሰው መረቡን፣ ገመዱን፣ መቅዘፊያውንና የበረዶ ሳጥኑን ከቤቱ እስከ ውኃው ማድረስ አለበት። ሐይቁ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ወደ ደረቁ ምድር ይጠጋል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ግን ይሸሽና በመንገዱና በውኃው መካከል ጭቃ ትቶ ይሄዳል። በቤት የተሠራ ጋሪ ጥንካሬው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ሁለት ጋሪ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው አንድ ክረምት እንኳ አልቆየም። የተበላሸበት ዋና ምክንያት ለመሄጃው ጭነት ብቻ አስቤ መሥራቴ ነበር። ደረቅ መረብ ይዞ በቀላሉ የሄደ ጋሪ ሲመለስ ውኃ የጠጣ መረብ፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ በዚያም ላይ ያልቀለጠ በረዶ ይሸከማል፤ መንገዱም ከውኃው ወደ ላይ ዳገት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ የተወሰደው የመልሱን ጭነት በማሰብ ነው።

እጀታው እጅ ይጎትታል፣ ወይም ወደ ላይ ይነሣል

ይህ ችግር ሲያጋጥም ብዙ ሰው ጎማውን ይወቅሳል። በአብዛኛው ግን ጥፋቱ ጭነቱ ከጎማው ዘንግ አንጻር ያረፈበት ቦታ ነው። የፍሬሙን ክብደት ትተን 60 ኪሎ የተጫነበትን ጋሪ እናስብ፤ ከዘንጉ እስከ እጀታው 120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጭነቱ መካከል ከዘንጉ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ እጀታው ከቀረበ እጅ ላይ የሚያርፈው 5 ኪሎ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ከቀረበ 20 ኪሎ ይሆናል፤ ይህንን ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው መንገድ ሳያጋምስ ይደክማል። ጭነቱ ከዘንጉ ወደ ኋላ ካለፈ ደግሞ እጀታው ወደ ላይ ይነሣና ሳጥኑ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል።

መፍትሄው ዘንጉን ከመበየድ በፊት መመዘን ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ሦስት ጄሪካን ለሙከራ የሚሆን 60 ኪሎ ይሰጣል። ፍሬሙን በአንድ ክብ ብረት ላይ ያጋድሙ፤ ጄሪካኖቹን ሳጥኑና መረቡ በሚቀመጡበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ከዚያም ፍሬሙ ሳይዘነበል እስኪቆም ድረስ ብረቱን ወዲያና ወዲህ ያንከባልሉት። የዘንጉ ቦታ ሚዛኑ ከተገኘበት ነጥብ ጥቂት ጣት ወደ ኋላ ነው። ዘንጉ በብየዳ ሳይሆን በብሎንና በዳዶ ቢታሰር፣ ለእርሱም በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ሦስት ጥንድ ቀዳዳ ቢበሳለት ጭነቱ ሲለወጥ ቦታውን ማስተካከል ይቻላል። እኔ በመጀመሪያው ጋሪዬ ዘንጉን በይጄው ስለነበር ማስተካከል የቻልኩት በመጋዝ ቆርጬ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሳጥኑ በመረቡ ላይ ከፍ ብሎ ከተጫነ፣ ጋሪው ሜዳ ላይ ሚዛኑን ቢጠብቅም ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የበረዶ ሳጥን ምንጊዜም ከታች፣ በዘንጉ አቅራቢያ ይቀመጥ፤ የቀለጠው ውኃም ከጉዞ በፊት ይፍሰስ።

ራጂ (የጎማው ቀጭን ሽቦ) ይበጠሳል፣ ቸርኬ (ጎማው የሚለብሰው የብረት ክብ) ይጣመማል

ባሕር ዳር ብስክሌት የበዛበት ከተማ በመሆኑ አሮጌ የብስክሌት ጎማ በቀላሉ ይገኛል፤ ብዙ ጋሪም በእርሱ ይሠራል። ይሁንና ብስክሌት ሲታጠፍ ከነጋላቢው ስለሚያዘነብል ክብደቱ ሁልጊዜ በጎማው ቁመት ልክ ይወርዳል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ግን አያዘነብልም፤ በመታጠፊያና በጎን ተዳፋት ላይ ጭነቱ ጎማውን ከጎን ይገፋዋል፤ ቀጭኑ ራጂም ለዚህ አልተሠራም። ሁለተኛው መንስኤ የአገጣጠም ስህተት ነው። የብስክሌት ፐርኖ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሁለት ወገን ሹካ ይይዘዋል። በአንድ ወገን ብቻ ከታሰረ ይታጠፋል፤ ጎማዎቹም ከታች ተራርቀው ከላይ ይቀራረባሉ።

የብስክሌት ጎማ የግድ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎማ ግራና ቀኝ ብረት አቁሞ ፐርኖውን በሁለቱም ጫፍ ማሰር ያስፈልጋል፤ የተበጠሰ ራጂ ካለም ጭነት ከመጫን በፊት ይቀየር። በእኔ አስተያየት ግን የባጃጅ ጎማ ይሻላል፤ ስፋቱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ነው፤ ቸርኬው ላሜራ ስለሆነ የሚበጠስ ራጂ የለውም።

ጭቃ ላይ ጎማው መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል

የዳርቻው ዋልካ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር እየደረበ ይሄድና በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። ክፍተቱ በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከጎማው በላይ የጭቃ መከላከያ ላሜራ አይታሰር፤ ጭቃውን የሚይዘው እርሱ ነውና። ጎማው የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ አየሩን ጥቂት ማስተንፈስ መሬት የሚነካውን የጎማ ስፋት ይጨምረዋል። አስፋልት ላይ ሲወጡ እንደገና መንፋት ስለሚያስፈልግ ፖምፓ ከዕቃው ጋር ይያዝ።

ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል

አስቀድሞ የሁለቱ ጎማ አየር እኩል መሆኑ ይታይ። እኩል ከሆነ ከእጀታው መካከል እስከ እያንዳንዱ ጎማ መሐል በአንድ ገመድ ይለካ፤ ልኩ ከተለያየ ዘንጉ ተጣሞ ታስሯል ማለት ነው፤ ብሎኑን አላልቶ ማስተካከል ይበቃል።

ኩሽኔታው (ጎማውን በዘንጉ ላይ የሚያሽከረክረው ክብ ብረት) ይጮኻል

ጀልባ ወይም ታንኳ ዘንድ ለመድረስ ጋሪውን ከነሞዞው፣ ማለትም ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት የጎማው መሐል ክፍል ጋር፣ ውኃ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ነጭ ወተት ይመስላል፣ ከዚያ ዝገት ይከተላል። ጋሪው ከውኃው ጠርዝ ላይ ይቁም። ከገባ ግን በዚያው ሰሞን ኩሽኔታው ተፈትቶ በነዳጅ ይታጠብ፤ በደንብ ደርቆም አዲስ ግራሶ ይቀባ።

የእጀታው ብየዳ ይሰነጠቃል

እጀታው ከፍሬሙ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ኃይል ይደርስበታል። በዚያ ቦታ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ ደግፎ መበየድ ያስፈልጋል፤ በስንጥቁ ላይ ብየዳ መደራረብ ብቻውን ቀጭኑን ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነውን የፍሬም ብረት) ያቃጥለዋል። በቱቦላሬው ዝቅተኛ ጫፍ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ካልተበሳች የገባው ውኃ ከውስጥ ያዝገዋል፤ ከውጭ የተቀባ ቀለም ይህን አይከላከልም።

መረቡ ይተለተላል

መረብ የሚቀደደው ውኃ ውስጥ ብቻ አይደለም። ጣትዎን በፍሬሙ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ የብየዳ ፍንጣሪ፣ የሽቦ ጫፍ፣ ከዳዶው ያለፈ የብሎን ጥርስ ይሰማዎታል። እያንዳንዱ የመረቡን ዓይን ይይዛል፤ መረቡን ሲጎትቱት አንዱ ዓይን ይበጠሳል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ። ፍንጣሪው በሞረድ ይላግ፤ የተረፈው ብሎን ይቆረጥ፤ ጠርዙም በተሰነጠቀ አሮጌ ካላማዳሪ (አየር የሚይዝ የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ይጠቅለል። መረቡ ራሱ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተንሳፋፊው በአንድ ወገን፣ መረቡን የሚያሰምጠው እርሳስ በሌላው ወገን ሆኖ ተጣጥፎ ቢጫን፣ ታንኳው ላይ ሲዘረጋ አይጠላለፍም።