ክትክታን ከዘር አፍልቶ በተራቆተ መሬት ማጽደቅ

አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ባፈጠጠ ተዳፋት ላይ ወይራን በቀጥታ ተክሎ ማጽደቅ ከባድ ነው። ቀድሞ ክትክታ የተባለው ቁጥቋጦ ይግባ። ድርቅ ይችላል፣ በስስ አፈር ይበቅላል፣ ቅጠሉ ሙጫማ ስለሆነ ፍየል እንኳ እምብዛም አይመርጠውም። ቁጥቋጦው ሲደረጅ ወፎች ያርፉበታል፤ ሌላ ቦታ የበሉትን የወይራ ፍሬ ዘርም ከሥሩ ይጥላሉ። የማይስማማው ውሃ የሚተኛበት ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው።

ክንፍ ያለው ፍሬ ከቀይነት ወደ ቡናማነት ሲለወጥ፣ ሳይፈነዳ ይልቀሙት። ወንድና ሴት አበባ አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ተክል ላይ ስለሚይዝ ፍሬ አልባ ክትክታ ቢያጋጥምዎ ታሞ አይደለም። ዘሩን ከብዙ እናት ተክሎች ያሰባጥሩ። ፍሬውን በጥላ አድርቀው፣ በእጅ አሽተው፣ አንፍሰው ጥቁሩን ዘር ይለዩ።

ብዙ ሰው የሚከስረው ቀጥሎ ነው። የዘሩ ልባስ ውሃ አያስገባም፤ እንዲሁ ከተዘራ ጥቂቱ ብቻ ይበቅላል። ውሃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፣ የዘሩን አምስት እጥፍ ያህል በላዩ አፍስሰው ቀዝቅዞ እንዲያድር ይተዉት። ዘሩን እሳት ላይ ጥዶ ማንተክተክ ግን ይገድለዋል። ጠዋት ያበጠውን ለይተው በዕለቱ ይዝሩ፤ ትንሽና አንጸባራቂ ሆኖ የቀረው አልጠጣም ማለት ነውና በፈላ ውሃ ይድገሙት።

ለችግኝ ቱቦ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። በየቱቦው 2 ዘር፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሰው ይዝሩ፤ ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ይንቀሉ። የካቲት መጨረሻ ላይ የተዘራ ለሐምሌ ይደርሳል። ውሃ ከበዛበት የቡቃያው አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጠቁሮ ይወድቃል፤ ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ያጠጡ። ከተከላ በፊት ለአንድ ወር ያህል የጥላ ዳሱን ያንሱ፣ ውሃውን ያራርቁ፣ ከቱቦው በታች የወጣውን ሥር ይቁረጡ። በጥላና በውሃ ተሞላቅቆ ያደገ ችግኝ ጥቅምት ላይ ይጠወልጋል።

ጉድጓዱን 30 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር አድርገው ከክረምቱ በፊት ይቆፍሩ፤ በስተታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ክትር ይሥሩለት። ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ይትከሉ። ቱቦው ካልወለቀ ሥሩ እዚያው ተጠቅልሎ በበጋ ይደርቃል። በረድፍ አያሰልፉ፤ 5 ወይም 6 ችግኝ በ1.5 ሜትር ርቀት አሰባስበው፣ በየስብስቡ መካከል ለሣር ሰፊ ክፍት ቦታ ይተዉ። ለቆቅና ለጥንቸል መደበቂያውም መጋጫውም አብሮ ይገኛል።

ፍየል ቅጠሉን ባይወደውም ከብት ችግኙን ይረግጠዋል፤ ክትክታ ጥሩ ማገዶ ስለሆነም መጥረቢያ ይፈልገዋል። ስለዚህ ቦታው ቢያንስ ለ3 ዓመት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ይሁን፤ ሣሩ ታጭዶ ይወሰድ። በሦስተኛው ክረምት ከቁጥቋጦው ጥላ ዳር የወይራ ችግኝ ያስገቡ፤ ወፍ ዘርቶት የበቀለ ካገኙ ደግሞ እሱን ይንከባከቡ።