የጫጩት ደም ተቅማጥ፦ ብዙ አርቢዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ለሚያሳድግ ሰው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ትናንት ሲሯሯጡ የነበሩ ጫጩቶች ዛሬ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን ነፍተው ጥግ ይይዛሉ። ጉዝጓዙ ላይ ደም ይታያል። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ አርቢዎች በአጭሩ “ኮክሲ” ይሉታል። አይሜሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የአንጀትን ግድግዳ እያፈረሰ ይራባል። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ብዙ ጫጩት የሚያልቀው በአያያዝ ስህተት ነው።

ደም እስኪታይ መጠበቅ

ዶሮን የሚያጠቃው አይሜሪያ ብዙ ዓይነት ነው። ደም በግልጽ የሚያሳየው በተለይ ዕውር አንጀትን፣ ማለትም ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለውን ከረጢት፣ የሚጎዳው ነው። ሌሎቹ ውሃማ ተቅማጥ፣ ያልተፈጨ መኖ ያለበት ኩስና የዕድገት መጓተት ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከኩሱም በፊት መመገቢያውን እዩ። መኖ መተረፍ ከጀመረ፣ የጫጩቶቹ እግርና ፊት ከገረጣ፣ ማሞቂያው ሳይቀዘቅዝ ተጠጋግተው ከቆሙ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ ጫጩቶቹ እየበሉና እየተጫወቱ አልፎ አልፎ የሚታይ ቡናማና የሚያጣብቅ ኩስ ጤነኛ ነው። ለእሱ መድኃኒት አያስፈልግም።

ተቅማጥን ሁሉ ኮክሲ ማለት

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቂጣቸው ላይ ነጭ ኩስ የሚደርቅባቸው ጫጩቶች ብርድ ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት አግኝቷቸው ይሆናል። በለብ ያለ ውሃ ቀስ ብሎ ማጽዳትና ሙቀቱን ማስተካከል ይረዳል። ነጭ ተቅማጥ ከብዙ ሞት ጋር ከመጣ ግን ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ጉምቦሮም በዚሁ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ዕድሜ ነጣ ያለ ውሃማ ተቅማጥ ያመጣል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ችግርና የአንገት መጠምዘዝ ካለ ፈንግልን ጠርጥሩ። ጉምቦሮና ፈንግል በቫይረስ የሚመጡ ናቸው፤ የሚያድን መድኃኒት የላቸውም፣ መከላከያቸው ክትባት ነው። ለመለየት የሚረዳው ገና የሞተ ጫጩት ለእንስሳት ሐኪም ወስዶ ማስከፈት ነው። ዕውር አንጀቱ አብጦ ደም ከሞላበት ኮክሲ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

“ኦክሲ” በጥብጦ መስጠት

ይህ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ጊዜ ይበላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን የሚዋጋ ነው፤ አይሜሪያ ደግሞ ባክቴሪያ አይደለም። አርቢው “መድኃኒት ሰጥቻለሁ” ብሎ ሲጠብቅ ጫጩቶቹ ደም እያፈሰሱ ያልቃሉ። ለኮክሲ በብዛት የሚታዘዘው አምፕሮሊየም ነው። የሰልፋ መድኃኒቶችም አሉ፤ እነሱ ግን መጠናቸው ካለፈ ይመርዛሉ፣ ያለ ሐኪም ባይነኩ ይሻላል።

የታመመ ጫጩት መብላት ቢያቆምም ውሃ መጠጣቱን ብዙ ጊዜ አይተውም። ለዚህ ነው መድኃኒቱን በመኖ ሳይሆን በውሃ መስጠት የሚመረጠው። መድኃኒት የሌለበትን ውሃ ከፊታቸው አንሱ፣ በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። የዱቄቱ ጥንካሬ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከጎረቤት የተሰማ “አንድ ማንኪያ” አይሠራም፤ የማሸጊያው ላይ መጠን ይነበብ። ደግሞም የታመሙትን ብቻ ሳይሆን አብረው ያሉትን በሙሉ አክሙ፤ ሁሉም የበሉት ከአንድ ጉዝጓዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ደሙ ቀነሰ ብላችሁም አታቋርጡ። ራሱን ችሎ መጠጣት ያቃተውን በጠብታ አጠጡት።

ከአምፕሮሊየም ጋር ቫይታሚን መደረብ

ከደግነት የሚመጣ ስህተት ነው። አምፕሮሊየም የሚሠራው ቫይታሚን ቢ1ን መስሎ ነው፤ ተሕዋሱ ቢ1ን እንዳያገኝ መንገዱን ይዘጋበታል። በዚያው ሰዓት ቢ1 ያለበት ዱቄት ስትጨምሩ የመድኃኒቱን ጉልበት ትቀንሱታላችሁ። ቫይታሚኑን ሕክምናው ካለቀ በኋላ ስጡ።

ጉዝጓዙን መርሳት

መድኃኒት ጫጩቱን እንጂ ወለሉን አያክምም። በኩስ የሚወጣው የተሕዋሱ ዘር እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ጫጩት ለመያዝ ይደርሳል። በረኪናም አይገድለውም። ጠላቱ ድርቀትና ኃይለኛ ሙቀት ነው። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ጉዝጓዝ በየቀኑ እያወጣችሁ በደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ተኩ። መጠጫውን በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት ስቀሉት፤ ውሃ አይደፉበትም፣ ኩስም አይገባበትም። በክረምት፣ ጭዱ ራሱ ርጥበት ይዞ በሚመጣበት ጊዜ፣ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። አንዱ ዙር ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ቤቱን ጥረጉ፣ በፈላ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ ይድረቅ።

ከትልልቅ ዶሮዎች ጋር መቀላቀል

ያደገች ዶሮ በሽታውን ተቋቁማ ምንም ምልክት ሳታሳይ ዘሩን በኩሷ ታወጣለች። ጫጩቶችን ለብቻ አሳድጉ። ጠዋት ስትገቡ መጀመሪያ ጫጩቶቹን መግቡ፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ሂዱ። ጫማችሁንም ለሁለቱ ቤት ለየብቻ አድርጉት።